ዋንጫው የማን ነበር?

ስለ ወታደር መጠጫ ዕቃዎች፣ ስለ ራያ ቆላና ስለ ስም መጻፍ

አሮጌ ዕቃ መሰብሰብ የሥራ ፈት ልማድ ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔም ለረዥም ጊዜ ከእነዚሁ ወገን ነበርሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ጀርመን አገር ተምረው ከተመለሱ አንድ አንጋፋ የሙያ ባልደረባችን ቤት፣ በመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ያየሁት የቢራ መጠጫ ነው። ዕቃው ከነጭ ሸክላ የተሠራ፣ ግማሽ ሊትር የሚይዝ፣ በማጠፊያ የተያያዘ የብረት ክዳን ያለው ነው። በሆዱ ላይ የወታደሮች ሥዕል ተስሏል። ከእጀታው ግራና ቀኝ ደግሞ በትንንሽ ፊደላት የሰው ስሞች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል።

«የማን ስሞች ናቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በአንድ ሻምበል አብረው ያገለገሉ ወታደሮች ናቸው። ሁሉም ከሞቱ ቆይተዋል። እኔም የማውቃቸው በዚህ ኩባያ ብቻ ነው» አሉኝ።

ይህ መልስ ብዙ ጊዜ ከአእምሮዬ አልጠፋም። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ አሮጌ ዕቃዎችና ስለ ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቁኝም በመጀመሪያ የመጣልኝ እርሱው ነው። ስለዚህ ከጀርመኑ ኩባያ ተነሥቼ፣ በእኛ አገር የወታደር መጠጫ ወደ ሆነው ወደ ቀንድ ዋንጫ፣ ከዚያም ወገኖቼ ወደሚኖሩበት ወደ ቆቦና ወደ ራያ ቆላ አንባቢን ይዤ እሄዳለሁ።

የተጠባባቂው ወታደር ኩባያ

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1871 አንድ ግዛት ከሆነች በኋላ ለአካለ መጠን የደረሰ ጤነኛ ወጣት ወታደርነት የማገልገል ግዴታ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1893 በወጣው ሕግ መሠረት እግረኛው ሁለት ዓመት፣ ፈረሰኛው ደግሞ ሦስት ዓመት ያገለግል ነበር። ወጣቱ ጊዜውን ጨርሶ ወደ ተጠባባቂ ጦር ሲዛወርና ወደ አገሩ ሲመለስ ለመታሰቢያ እንዲሆነው አንድ የቢራ ኩባያ ያሠራል። ጀርመኖች ይህን ዕቃ «ሪዘርቪስተንክሩግ» ይሉታል፤ የተጠባባቂ ወታደር ኩባያ ማለት ነው።

ኩባያውን የሚያድለው መንግሥት አልነበረም። ወታደሩ በገዛ ገንዘቡ ይገዛዋል። ፋብሪካው አስቀድሞ ያዘጋጀው ሥዕል አለ፤ በዚያ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የክፍለ ጦሩ ቁጥር፣ የሰፈረበት ከተማና ያገለገለበት ዘመን ይጻፋል። በብዙዎቹም ላይ የጓደኞቹ ስም ዝርዝር ይጨመራል። በክዳኑ ጫፍ ላይ እግረኛ ወይም ፈረሰኛ ወታደር ይቆማል። ከሸክላ የተሠሩት ብዙዎቹ ከታች ስስ የሆነ መቀመጫ አላቸው። ጠጪው ጨርሶ ባዶውን ኩባያ ወደ ብርሃን ሲያነሣው በመቀመጫው ውስጥ የተሠወረ ሥዕል ይታየዋል። የሸክላው ውፍረት በየቦታው ስለሚለያይ ብርሃኑ በስሱ ቦታ ደምቆ፣ በወፍራሙ ቦታ ደብዝዞ ያልፋል፤ ምስጢሩ ይኸው ነው።

የአንደኛው ዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1914 ሲጀመር ይህ ልማድ ተቋረጠ። በዝርዝሩ ላይ ስማቸው የተጻፈው ወጣቶች ብዙዎቹ ወደ ጦር ሜዳ ተጠርተው ሄዱ። ኩባያዎቹ በየቤቱ ቀሩ፤ ቆይተውም በሰብሳቢዎች እጅ ገቡ። ዋጋቸው ከፍ ባለ ጊዜ አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች ተነሡ። ስለዚህ ዐዋቂ ሰብሳቢ ኩባያ ሲገዛ የሥዕሉን ማማር ብቻ አያይም። የክፍለ ጦሩ ቁጥር ከከተማው ጋር፣ ዘመኑ ከማዕርጉ ጋር መስማማቱን ይመረምራል። በአጭሩ የሚያነበው ዕቃውን ሳይሆን ጽሑፉን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጥቅም የታወቀው በሁለተኛው ዓለም ጦርነት ፍጻሜ ነው። የፕሩስያ ጦር መዛግብት የተቀመጡት ፖትስዳም በተባለችው ከተማ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1945 ከተማይቱ በአውሮፕላን ስትደበደብ የመዛግብቱ አብዛኛው ክፍል ተቃጠለ። በመንግሥት ጥበቃ ሥር የነበረው ወረቀት ዐመድ ሲሆን፣ አንድ ገበሬ ለትዝታው ያሠራው የቢራ ኩባያ በማጀት መደርደሪያ ላይ የሃያና የሠላሳ ሰው ስም ይዞ ተረፈ። የእኛ ሰው «የቃል ይረሳል፣ የመጽሐፍ ይወረሳል» ይላል። መጽሐፉ ከብራና ወይም ከወረቀት ብቻ የሚሠራ አለመሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል።

የእኛ ዋንጫ

በአገራችን የወታደር መጠጫ ዋንጫ ነው። ዛሬ ይህ ቃል ሲጠራ ወጣቱ የሚያስበው የእግር ኳስን ሽልማት ነው። ከዚያ በፊት ግን ዋንጫ ማለት ከቀንድ የተሠራ መጠጫ ነበር። በግብር ጊዜ ጠላውና ጠጁ በዋንጫ ይታደላል። እንደየማዕርጉ የበሬ፣ የጎሽ ወይም የአውራሪስ ቀንድ ዋንጫ ነበረ፤ የመኳንንቱም በብር ይለበጥ ነበር። ብርሌ ከመጣ በኋላ ጠጁ ወደ ብርሌ ሲዞር ዋንጫው በወታደሩና በባላገሩ እጅ ቆየ።

ይህ ዋንጫ እንደ ጀርመኑ ኩባያ ስም አልተጻፈበትም። ይሁን እንጂ ስም አልነበረውም ማለት አይደለም። ወታደሩ ዋንጫውን ጨብጦ ይነሣና ይፎክራል። በፉከራው የራሱን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የዋለበትን ጦር ሜዳ አንድ በአንድ ይቈጥራል። የፈረስ ስም የሰው መጠሪያ እስከ መሆን ይደርስ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው መባላቸው የታወቀ ነው። ጀርመኑ በቀለም ያጻፈውን የእኛ ወታደር በአንደበቱ ይናገረው ነበር። ልዩነቱ ቀለሙ በሸክላው ላይ ሲቀር፣ ቃሉ ከሰሚዎቹ ጋር አብሮ ማለፉ ነው።

ለዋንጫ ሥራ ትልልቅ ቀንድ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ የራያ ከብት በቀንዱ ትልቅነትና ርዝመት የታወቀ ነው። ስለዚህ ዓይነት ከብት ከጻፉት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ነው። ሶልት እ.ኤ.አ. በ1809 እና በ1810 በተጓዘበት ጊዜ በእንደርታው ገዢ በራስ ወልደ ሥላሴ ግዛት፣ ከደቡብ በኩል ከኦሮሞ አገር የመጡ ሰንጋዎች አየ። ራያና አዘቦም ከእንደርታ በስተ ደቡብ ነው። ከእርሱ በፊት የመጣው ጄምስ ብሩስ ቀንዱ እንዲህ የሚያድገው ከበሽታ የተነሣ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ሶልት ግን ከብቶቹ በሙሉ ጤና ሲግጡ በማየቱ ይህን አባባል አረመ። ካያቸውም ቀንዶች ትልቁ ርዝመቱ ወደ 120 ሳንቲ ሜትር፣ በግርጌው ዙሪያው 53 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆኑን ጽፏል። ሰንጋ የሚለው ስምም በዓለም የከብት ጥናት የብዙ አፍሪቃ ከብቶች ዘር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

መሐንዲስ የሆነ ሰው እንዲህ ያለ ልክ ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍም። ዙሪያው 53 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ የግማሽ ስፋቱ ልክ 8.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ቀንዱን እንደ ሾጣጣ ብንቈጥረው የውጭ ይዘቱ ወደ 9 ሊትር ይጠጋል። የቀንዱ ውፍረትና ድፍኑ ጫፍ ሲቀነስ የውስጡ መጠን ከዚህ ያንሳል። ያም ሆኖ ከአንዱ ቀንድ ግርጌ ሰፊው ዋንጫ፣ ከመካከሉ ሌላ ትንሽ ዋንጫ ሊወጣ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

አሠራሩም ለሙያችን እንግዳ አይደለም። የቀንድ ጠባይ ሲሞቅ መለስለስ፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ መጠንከር ነው። ሠራተኛው የውስጡን አጥንት አውጥቶ ቀንዱን ይቈርጣል፤ በእሳት ወይም በፈላ ውኃ አለስልሶ ቅርፁን ያቃናል፤ ውስጡንና ውጩን ይፍቃል፤ አለስልሶም ያሳምራል። መቀመጫው የሚገባው ቀንዱ ገና ትኩስ ሳለ ነው። ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና መቀመጫውን አጥብቆ ይይዘዋል። እኛ በፋብሪካ ውስጥ ቀለበትን በእሳት አሙቀን በብረት ዘንግ ላይ የምናጠልቅበት ብልሃት ከዚህ የተለየ አይደለም። ሆኖም የዚህ ብልሃት ባለቤቶች የነበሩት የእጅ ሠራተኞች ስማቸው በየትም አልተጻፈም፤ ብዙ ጊዜም ሙያቸው የንቀት ምክንያት ሆኖባቸዋል።

የመቅደላ ዋንጫዎች

በወሎ ምድር ስለ ዋንጫ ሲወሳ መቅደላን መዝለል አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነሥቶ፣ በእንደርታ አድርጎ፣ የአሸንጌን ሐይቅ በጎን ትቶ ወደ መቅደላ ዘለቀ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሰዉ። ከዚያ በኋላ አምባው ተዘረፈ። የተዘረፈውም ዕቃ በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ መሸጡ የታወቀ ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል መጻሕፍቱና ዘውዱ ብዙ ተጽፎላቸዋል። የቀንድ ዋንጫዎቹን ግን ያሰበ ሰው ጥቂት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ አገር በዶርሴት ግዛት በሚገኝ አንድ የጨረታ ቤት፣ አንድ የብራና መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለሽያጭ ቀረቡ። ዕቃዎቹ በዘመቻው የነበረው የሜጀር ጄኔራል ዊሊያም አርበትኖት ንብረት እንደ ነበሩ ተገልጾ ነበር። በለንደን የሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሽያጩ እንዲቆም ጠየቀ። ዕቃዎቹም ከጨረታው ወጡና ሸህራዛድ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ገዝቷቸው፣ ከዘውድ፣ ከጋሻና ከሌሎችም ቅርሶች ጋር በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ተመለሱ።

ይህ ለሁላችንም ደስታ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ዋንጫዎቹ ከመቅደላ የመጡ መሆናቸው የታወቀው የወሰዳቸው መኮንን ስም አብሮ በመቆየቱ ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመታት በኋላ ለመመለሳቸው ማስረጃ የሆነው ይኸው ስም ነው። በእነዚያ ዋንጫዎች የጠጡት፣ በእነርሱም ላይ የፎከሩት የቴዎድሮስ ወታደሮች ግን እነማን ናቸው? የወሳጁ ስም ተጽፎ የባለቤቱ ስም ሳይጻፍ ቀረ። በጀርመኑ ኩባያና በእኛ ዋንጫ መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ይታያል።

ከማይጨው እስከ ጀሪካን

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ። የቆቦ ከተማ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ናት። ምዕራቡ ገደላም ተራራ፣ ምሥራቁ የማሽላ ሜዳ ነው። ከላይ ኮረምና አሸንጌ፣ ከዚያም ማይጨው አለ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ተደርጎ ሠራዊታችን ወደ ኋላ ሲመለስ በአሸንጌ አካባቢ በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ ተመታ። ከዚያ በኋላ ጣልያን በዚሁ አቅጣጫ ከአስመራ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ሠራ።

ጦር ሲያልፍ ዕቃ ይቀራል። ጣልያንም ከሄደ በኋላ በየቤቱ ቆርቆሮው፣ ጣሳው፣ የውኃ ኮዳው ቀረ። በጨርቅ የተሸፈነው የአሉሚኒየም ኮዳ እረኛው ውኃ የሚይዝበት፣ መንገደኛውም አረቄ የሚሸሽግበት ሆነ። ይህ የሕዝባችንን ብልሃት ያሳያል። ለመግደል የመጣውን ጦር ዕቃ ለመኖሪያ አዋለው።

ከዚያ በኋላ የመጣ ሌላ የወታደር ዕቃ አለ። እርሱም ጀሪካን ነው። ይህ ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1937 ለጀርመን ጦር የተነደፈ 20 ሊትር የሚይዝ የነዳጅ ዕቃ ነው። ሁለት የታተሙ ቆርቆሮዎች ተገጥመው ይበየዳሉ። በጎኑ ላይ ያለው የመስቀል ቅርፅ ቆርቆሮውን ያጠነክረዋል። ሦስት እጀታ የተደረገለት ሁለት ሰዎች አንዱን ተጋግዘው እንዲይዙት፣ አንድ ሰውም ሁለት ባዶ በአንድ እጁ እንዲያነሣ ነው። እንግሊዞች በሰሜን አፍሪቃ በረሃ ይህን ዕቃ ሲማርኩ የራሳቸው እንደሚያፈስ፣ የጠላታቸው እንደማያፈስ አዩ። እነርሱም ቅርፁን ቀዱት፤ ስሙንም ለጀርመን ወታደር ካወጡት «ጄሪ» ከሚለው ቅጽል አወጡለት።

ዛሬ በቆቦ ገበያ ጀሪካን የሚሸጠው ነጋዴና በጀሪካን ውኃ የምትቀዳው እናት በየቀኑ የጀርመንን ወታደር ስም ይጠራሉ። ዕቃው ከብረት ወደ ፕላስቲክ ተለውጦ እንኳ ስሙ አልተለወጠም። በሩቅ አገር የነበረ ወታደር ቅጽል ስም በራያ ቆላ ሲኖር፣ በማይጨው የወደቀው የራያ፣ የላስታ፣ የየጁ ሰው ስም በገዛ ቤቱ ዕቃ ላይ እንኳ አለመኖሩ ያሳዝናል።

የማስታወሻ ደብተሬ

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሌሎችን ለመውቀስ አይደለም። ጥፋቱ የእኔም ነው።

በ2010 ዓ.ም. በቆቦ ሜዳ በጕድጓድ ውኃ ሥራ ላይ ሳለሁ አያቴ ቤት አርፍ ነበር። በእልፍኙ ግድግዳ ላይ ሦስት ዕቃዎች ነበሩ፦ አንድ የቀንድ ዋንጫ፣ አንድ የጣልያን ኮዳ፣ ከታች ደግሞ ዝገት የበላው የብረት ጀሪካን። አንድ ቀን ማለዳ ካሊፐሬን አውጥቼ ሦስቱንም ለካሁ። የዋንጫው አፍ 9 ሳንቲ ሜትር፣ ግርጌው 6፣ ጥልቀቱ 18፤ ይዘቱ 8 ዴሲ ሊትር ያህል። የቀንዱን ውፍረት በአራት ቦታ ለክቼ ጻፍሁ። የኮዳውንና የጀሪካኑንም እንዲሁ። በጎኑም ንድፉን ሣልሁ።

አያቴ ተቀምጠው ይመለከቱኝ ነበር። «ይኼ ለመንግሥት ነው?» አሉኝ እየሣቁ።

«የለም አባባ፣ ለራሴ ነው» አልኋቸው።

«እንግዲያ ይህን ዋንጫ ማን እንዳመጣው ልንገርህ» ብለው ጀመሩ። በዚያን ጊዜ የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ፤ የቍፋሮው ቡድን ይጠብቀኝ ነበር። «ማታ አባባ» ብዬ ወጣሁ። ማታ ደክሞኝ ተኛሁ። በማግሥቱም ሥራ ነበር። አያቴ በ2012 ዓ.ም. ዐረፉ።

ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ቆቦ ደረሰ፤ በ2014 ዓ.ም. ነሐሴም እንደገና ተመለሰ። በዚያ ጊዜ በከተማይቱና በዙሪያዋ የጠፋው የሰው ሕይወት ከማንኛውም ዕቃ በላይ ነውና በዚህ ስለ ዋንጫ መናገር ድፍረት እንዳይሆንብኝ እሠጋለሁ። የአያቴ ቤት ተዘርፎ ተገኘ። ከሦስቱ ዕቃዎች አንዱም አልነበረም። የደሴ ሙዚየምም በዚሁ ጦርነት መዘረፉ ይታወሳል። እንግዲህ በእልፍኝ ያለውም በሙዚየም ያለውም ከተመሳሳይ ዕጣ አላመለጠም።

ደብተሬን ከፍቼ ባየሁ ጊዜ ሁሉም ልክ በቦታው አለ። ይህን ልክ ይዤ ለቀንድ ሠራተኛ ብሰጥ ያንኑ የሚመስል ዋንጫ ሊሠራልኝ ይችላል። ማን እንዳመጣው፣ ማን እንደ ጠጣበት፣ በየትኛው ጦር ሜዳ እንደ ዋለ ግን በደብተሩ ውስጥ የለም። ነገ ያ ዋንጫ በአንድ ሱቅ ውስጥ ቢገኝ እንኳ የእኛ ነው ብዬ ማስረዳት የምችለው በውፍረቱ ልክ ብቻ ነው። ዘመዶቼን ጠየቅሁ። አንዱ የቅድመ አያቴ ነው፣ ሌላው ከጋብቻ የመጣ ነው ይላል። የሚያውቀው ሰው ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር፤ ያቋረጥሁት እኔ ነኝ።

ለማኅበራችን አባላት

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ምዝገባ ይደነግጋል። ይሁንና በየእልፍኙ የተሰቀለውን ዋንጫና ኮዳ ሁሉ የመንግሥት መዝጋቢ ሊደርስበት አይችልም። የእኛ ሙያ ግን በየወረዳው ያዞረናል። መንገድ ስንቀይስ፣ ጕድጓድ ስናስቈፍር፣ የኤሌክትሪክ መስመር ስንዘረጋ ማደሪያችን የባላገሩ ቤት ነው። በእጃችን ደብተር፣ በኪሳችንም ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ አለ። ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በእንግድነት ባረፍንበት ቤት ያረጀ ዕቃ ስናይ እንግዛ ብለን አንጠይቅ። ዕቃ ከቤቱ ሲወጣ ታሪኩ ከሰዎቹ ጋር እዚያው ይቀራል። ሁለተኛ፣ ከዕቃው ልክ አስቀድመን የባለቤቱን ስም፣ ከማን እንደ ወረሰው፣ ማን እንደ ሠራው፣ የትና መቼ እንደ ተገኘ፣ ምን እንደ ተጠጣበት እንጻፍ። የነገረንን ሰውና የነገረንን ቀን ጭምር እናስፍር። የተለያየ ቃል ከሰማን ሁለቱንም እንጻፍ እንጂ አንዱን አንጣል። ሦስተኛ፣ ዕቃውን ከመለኪያ ጋር ፎቶግራፍ እናንሣ። አራተኛ፣ የጻፍነውን አንዱን ቅጂ ለባለቤቱ፣ አንዱን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንስጥ። አንድ መዝገብ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። ይህን ከፖትስዳም መማር ይገባናል።

ለዚህ ሥራ ገንዘብም መሣሪያም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ «ትንሽ ቆዩ» ማለት ነው። እኔ ያን ቀን ግማሽ ሰዓት ብቆይ ኖሮ የዚህ ጽሑፍ ርእስ ጥያቄ ባልሆነም ነበር።